ካብ፣ ግንብ፣ ብሎኬት ወይስ ሳር? ተዳፋት ጓሮን በራስ እጅ ለመደገፍ

የጓሮዬ የመጀመሪያ ግንብ የብሎኬት ነበር። ቁመቱ 1.2 ሜትር፣ ርዝመቱ 11 ሜትር። በየካቲት ጨረስነው፤ ለሰንነው፤ ቀለም ቀባነው። ያምር ነበር። ሐምሌ አጋማሽ ላይ አንድ ጠዋት ስወጣ መሃሉ ሆድ አውጥቷል። ጠጋ ብዬ አየሁት። ከታች ሦስተኛው ረድፍ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አለች። ከእሷ ውስጥ የቀጠነ ሻይ የመሰለ ቀይ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። በሦስተኛው ቀን ሌሊት ወደቀና የታች ጎረቤታችን የጎመን መደብ ላይ ተዘረጋ። ተመስገን፣ ሰው አልነበረም።

አንድ በዕድሜ የገፉ ግንበኛ መጥተው ፍርስራሹን በእግራቸው ገለጥ ገለጥ አደረጉና፣ «ልጄ፣ ውሃው በየት ይውጣ ብላችሁ ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ከጀርባው ጠጠር የለም፣ ቱቦ የለም፣ ቀዳዳ የለም። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ በእጄ ሠርቻለሁ፤ የሰፈር ሰዎችንም አግዣለሁ። የአፈር መደገፊያ ለመምረጥ ስትነሱ ከዋጋና ከውበት በፊት የእሳቸውን ጥያቄ ጠይቁ።

እኔ ባለሁባት ጅማ ላይ ጥያቄው ይከብዳል። ከተማዋ በዓመት በአማካይ 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ያ ማለት 100 ካሬ በሆነ ጓሮ ላይ በዓመት 150,000 ሊትር ውሃ ይወርዳል ማለት ነው። ሁለት ሺህ ሊትር በሚይዝ ሮቶ ብትቆጥሩት 75 ሮቶ ነው። ዝናቡ ደግሞ ሐምሌና ነሐሴን ጠብቆ የሚመጣ አይደለም። በመጋቢት ይጀምራል፣ እስከ መስከረምና ጥቅምት ይዘልቃል። ስለዚህ አፈሩ ለወራት ውሃ ጠጥቶ ይቆያል።

አሁን ትንሽ ሒሳብ። ውሃ በደንብ የሚወጣለት፣ 1 ሜትር ከፍታ ያለው አፈር በእያንዳንዱ የግንቡ ሜትር ርዝመት ላይ 300 ኪሎ ገደማ ይገፋል። ከፍታው 2 ሜትር ሲሆን ግፊቱ እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል፣ 1,200 ኪሎ ገደማ። ግንቡን ገልብጦ የመጣል ጉልበቱ ደግሞ ስምንት እጥፍ ነው። ያው የ1 ሜትሩ ግንብ ከጀርባው ውሃ ከሞላ ከ300 ኪሎው ወደ 600 ኪሎ ያልፋል። የእኔን ብሎኬት የጣለው ይሄ ነው።

ከመምረጣችሁ በፊት ሦስት ነገር ልኩ

መጀመሪያ ቁመቱን። ሁለት ካስማ፣ ሲባጎና ውሃ ልክ ይበቃል። ልዩነቱ እስከ 1.2 ሜትር ከሆነ በራሳችሁ እጅ የሚሠራ ሥራ ነው። ከ1.5 ሜትር በላይ ከሆነ፣ ወይም ከላይ ቤት፣ የአጥር ግንብ ወይም የመኪና መንገድ ካለ መሐንዲስ ጥሩ። በዚህ አልደራደርም። ከታች የሰው መኝታ ቤት ካለ ደግሞ 1 ሜትሩንም ቢሆን ባለሙያ ይይላችሁ። የግንባታ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነም ድንጋይ ከማውረዳችሁ በፊት የከተማው አስተዳደር ጋ ጠይቁ።

ሁለተኛ አፈሩን። ወደ ጂሬን በሚወጣው ዳገት ላይ አብዛኛው ቀይ አፈር ነው፤ ጥሩ መሠረት ይሆናል። ወደ ቦዬ ረግረግ በወረዳችሁ ቁጥር ጥቁሩ ዋልካ ይመጣል። ዋልካ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ ክረምት ሲገባ ያብጣል። በስሚንቶ የተያያዘ ግንብ ይህን እንቅስቃሴ አይችለውም፣ ይሰነጠቃል። ዋልካ ላይ ያላችሁ መሠረቱን ጠለቅ አድርጋችሁ ቆፍሩ፣ ዋልካውን አውጡና ገረጋንቲ (ጠጠራማ የመሙያ አፈር) እየጠቀጠቃችሁ ሙሉ። ምርጫችሁም ትንሽ ቢነቃነቅ የማይሰበር ዓይነት ይሁን።

ሦስተኛ ቦታውን። የድንጋይ ሥራ ውፍረት ይፈልጋል። 1.2 ሜትር ለሚቆም ካብ ከታች 70 ሳንቲ፣ ከጀርባው ለጠጠር ደግሞ 30 ሳንቲ ያስፈልጋል። ባጠቃላይ 1 ሜትር የጓሮ ስፋት ትሰጣላችሁ። ጠባብ ጓሮ ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው ወደ ብሎኬት የሚሮጠውም ለዚሁ ነው።

ካብ፦ የእኔ የመጀመሪያ ምርጫ

ካብ ስል ያለ ስሚንቶ የሚደረደር ድንጋይ ማለቴ ነው። አገራችን በዚህ የማንም ተማሪ አይደለችም። የኮንሶ ሰዎች እርከን በደረቅ ድንጋይ ብቻ የተካበ ነው፤ አንዳንዱ ቦታ 5 ሜትር ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከ400 ዓመት በላይ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ሙያ ነው። እኛ ጓሯችን ውስጥ 1 ሜትር ለማቆም የምንፈራበት ምክንያት የለም።

ካብ የሚበልጥበት ምክንያት ግልጽ ነው። ውሃው በመላ አካላቱ ይወጣል፤ ቀዳዳ አይደፈንም፣ ቱቦ አይረሳም። አፈሩ ሲንቀሳቀስ አብሮ ትንሽ ይላወሳል እንጂ አይሰነጠቅም። አንድ ቦታ ቢናድ ያንኑ ድንጋይ መልሳችሁ ትክባላችሁ። ስሚንቶም አያስፈልግም። ዋጋው በየሳምንቱ በሚለዋወጥበት ጊዜ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ለሁለተኛው ሥራዬ አንድ ሲኖትራክ፣ ማለትም 16 ሜትር ኪዩብ ድንጋይ አወረድኩ። 12ቱ ወደ ካቡ ገባ፤ ደቃቁና ስብርባሪው ከጀርባ ለውሃ መውረጃ ሆነ። እኔና ወንድሜ በ9 ቀን ጨረስነው። ወገብ ይፈትናል። ቀን ሠራተኛ ካሰባችሁ ኅዳር ላይ በጊዜ ተነጋገሩ፤ ቡና ለቀማ ስለሆነ ሰው ይጠፋል።

አሠራሩን ቀረብ አድርጌ ላሳያችሁ፤ ካቡን የሚያቆመው ጉልበት ብቻ አይደለምና።

ድንጋዩን ከመቀበላችሁ በፊት በመዶሻ ምቱት። ጥሩው ጥቁር ድንጋይ እንደ ደወል ጥርት ብሎ ይጮኻል። የበሰበሰው ዱብ ይላል፣ ጫፉም ይፈረፈራል። እሱን ለጀርባ መሙያ እንኳ አትጠቀሙት፤ ክረምቱን ቆይቶ ጭቃ ይሆናል።

መሠረቱን 30 ሳንቲ ጥልቀትና 80 ሳንቲ ስፋት ቆፍሩ። ላይኛውን ሥራ ሥር የያዘ ጥቁር አፈር ሙሉ በሙሉ አንሱት። የቁፋሮው ወለል ወደ ዳገቱ ትንሽ ዘንበል ይበል። ትልልቆቹ ድንጋዮች እዚህ ይተኛሉ። ብዙ ሰው ትልልቁን ለውበት ብሎ ፊት ላይ ያቆመዋል፤ ስህተት ነው። የድንጋዩ ረጅም ጎን ወደ ውስጥ፣ ወደ አፈሩ ይግባ፤ ፊት ለፊት የሚታየው አጭሩ ጎን ይሁን። እንደዚያ ሲሆን እያንዳንዱ ድንጋይ በጀርባው ክብደት ይያዛል።

ከዚያ አንዱ ድንጋይ ሁለት ላይ፣ ሁለቱ አንድ ላይ እንዲያርፉ እያደረጋችሁ ውጡ። መጋጠሚያ በመጋጠሚያ ላይ ቀጥ ብሎ ከወጣ ካቡ እዚያ ጋ ይከፈታል። መሃል ቁመቱ ላይ በየ1 ሜትሩ ከፊት እስከ ጀርባ የሚደርስ ረጅም ድንጋይ ጣሉበት፤ ማሰሪያ ይሆናል። ካቡ ወደ ዳገቱ ይዘንበል። በ60 ሳንቲ ከፍታ 10 ሳንቲ፣ ስለዚህ በ1.2 ሜትር ላይ 20 ሳንቲ ወደ ኋላ ማለት ነው። በሁለቱ ጫፍ ዘንበል ያለ እንጨት ተክላችሁ ሲባጎ ብትወጥሩ ዓይናችሁ አይታለልም።

አንድ ረድፍ ሲያልቅ ላዩ ላይ ውጡና ተራመዱ። የሚንቀጠቀጥ ድንጋይ ካለ አንሱት፣ አዙሩት፣ እንደገና አስቀምጡት። ሽብልቅ የሚሆነውን ትንሽ ድንጋይ ከጀርባ አስገቡ። ከፊት የገባ ሽብልቅ ክረምት ሲመጣ ተንሸራትቶ ይወጣል። ወንድሜ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት «ይበቃል፣ ይበቃል» ይለኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን እሱ ራሱ በእግሩ እየፈተሸ ያፈርስ ጀመር።

በየረድፉ ከጀርባ 30 ሳንቲ ስፋት ስብርባሪ ድንጋይና ጠጠር ሙሉ፤ ከዚያ ኋላ ያለውን አፈር በ15 በ20 ሳንቲ እየደረባችሁ ጠቅጥቁ። ላዩ ላይ ሲደርስ 20 ሳንቲ ያህል ቀይ ጭቃ አፈር ክደኑበት፤ የላዩ ጎርፍ ቀጥታ ወደ ጠጠሩ እንዳይገባ። መጨረሻ ላይ ከባድና ጠፍጣፋ ድንጋዮችን መክደኛ አድርጉ። ልጆች መሄዳቸው አይቀርም፤ ስለዚህ ከባድ ይሁኑ።

የካብ ጉድለት? ቦታ ይበላል። ድንጋይ የማታገኙ ከሆነ ወይም መኪና ግቢያችሁ የማይገባ ከሆነ 16 ሜትር ኪዩብ በባሬላ ማመላለስ ይገድላል። በድንጋዩ መሃል እባብና አይጥ ሊገባ ይችላል የሚል ስጋትም እሰማለሁ፤ እውነት ነው፣ ሣሩን ማጨድ ይፈልጋል።

የድንጋይ ግንብ በስሚንቶ

ቦታ ካጠረና ፊቱ የተስተካከለ እንዲሆን ከፈለጋችሁ ይህ ሁለተኛው ምርጫ ነው። ለ1.2 ሜትር ከታች 60 ሳንቲ፣ ከላይ 35 ሳንቲ ይበቃዋል። እንደ እኔ ላለ 11 ሜትር ከ10 እስከ 12 ኩንታል ስሚንቶ ይበላል፤ አሸዋው 3.5 ሜትር ኪዩብ ገደማ ነው። ድብልቁ 1 ስሚንቶ ለ4 አሸዋ፤ መሬት ውስጥ ለሚቀረው 1 ለ3።

አሸዋውን ፈትሹ። የሃይላንድ ላስቲክ ላይ እስከ ግማሽ አሸዋ፣ የቀረውን ውሃ ሞልታችሁ ናጡና ለጥቂት ሰዓት ተዉት። ከላዩ የሚተኛው የጭቃ ንጣፍ ወፍራም ከሆነ፣ ከ10 ሳንቲ አሸዋ ላይ ከ6 ሚሊ ሜትር ካለፈ፣ ይታጠብ ወይም ይመለስ። ድንጋዩን ከመገንባታችሁ በፊት ውሃ አጠጡት፤ ደረቅ ድንጋይ የሞርታሩን፣ ማለትም የስሚንቶና የአሸዋ ድብልቁን፣ ውሃ ይመጥና ያዳክመዋል። ድንጋይ ከድንጋይ አይነካካ፣ መሃላቸው ሞርታር ይግባ። ከተገነባ በኋላ ቢያንስ ለ7 ቀን ጠዋትና ማታ ውሃ ይጠጣ።

የውሃ ቀዳዳ ግን እዚህ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው። ከመሬት ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ከፍ ብሎ፣ በየ1.5 ሜትሩ፣ ቢያንስ 5 ሳንቲ ስፋት ያለው የፒቪሲ ቱቦ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ ይግባ። ቱቦው ጀርባ ላይ አፈር ጋ ከተጋፈጠ በአንድ ክረምት ይደፈናል። አፉ ላይ የቡጢ ያህል ድንጋይ፣ ከዚያ ጠጠር፣ ከዚያ ደቃቅ ጠጠር እያላችሁ ደርድሩ። ብዙ የሚያማምሩ ግንቦች ላይ ቱቦ ይታያል፤ ዝናብ ጥሎ ካባራ በኋላ ሄዳችሁ እዩት፣ ደርቋል። ከጀርባው ጠጠር ስላልተደረገ ውሃው መንገዱን አያገኘውም።

ብሎኬት

ቂም ይዤበት አይደለም። ለአጥር፣ ለክፍል ግድግዳ ጥሩ ነው። አፈር ለመደገፍ ግን ባዶ ብሎኬት ቀላልና ቀጭን ነው፤ ግፊትን በክብደቱ መቋቋም አይችልም። እስከ 60 ሳንቲ ለሚደርስ የአበባ መደብ፣ ከጀርባው ጠጠርና ቀዳዳ ካለው፣ ይሆናል።

ከዚያ በላይ ለማድረግ የኮንክሪት መሠረት፣ ከመሠረቱ የሚነሳ 12 ቁጥር ቶንዲኖ ብረት፣ የብሎኬቱን ቀዳዳ በኮንክሪት መሙላት ይጠይቃል። ስትገዙም ቀዳዳው ከላይ እስከ ታች የሚዘልቅ መሆኑን እዩ፤ ካልሆነ ብረቱ አያልፍም። ይህን ሁሉ ደምሩት። የብረቱ፣ የስሚንቶው፣ የጠጠሩ ዋጋ ሲደመር ብዙ ጊዜ የድንጋዩን ግንብ ያልፋል። ብሎኬት ርካሽ የሚመስለው ባዶውን ስታቆሙት ብቻ ነው፤ ባዶው ደግሞ ይወድቃል።

ጋቢዮን፣ ጎማ፣ እንጨት

ጋቢዮን በሽቦ ሳጥን ውስጥ የሚሞላ ድንጋይ ነው። የተለመደው ሳጥን 2 ሜትር በ1 ሜትር በ1 ሜትር ነው፤ ሲሞላ ከ3 ቶን ይበልጣል። ውሃ ያሳልፋል፣ ተለዋዋጭ ነው፣ ዋልካ ላይ እንኳ ይቆማል። እንደ አዌቱ ካለ ወንዝ ዳር ወይም ጎርፍ የሚቦረቡረው ቦይ አጠገብ ላለ ጓሮ ከካብም አስበልጠዋለሁ። ድንጋዩ ከ10 እስከ 25 ሳንቲ ይሁን፤ ትንሹ በሽቦው ቀዳዳ ይሾልካል። ጥበቡ ሳጥኑን ወጥሮ መሙላትና በየሲሶው የፊቱንና የኋላውን ሽቦ በመሃል ማሰር ነው። ይህን ካላደረጋችሁ ሆዱ ይነፋል። ሽቦው ዚንክ የተነከረ ይሁን። ሽቦ ለማግኘት ግን መጠየቅና መጠበቅ ሊኖርባችሁ ይችላል።

በአሮጌ የመኪና ጎማ አፈር ጠቅጥቀው የሚደግፉ አሉ። ይቆማል። አንዱ ጎማ ከኩንታል በላይ አፈር ይውጣል፤ በእጅ እየጠቀጠቁ መሙላት ጉልበት ይጨርሳል። ለዶሮ ቤት ጀርባ አልቃወምም።

የባህር ዛፍ አጠና? አትድከሙ። በዚህ እርጥበትና ምስጥ መሬት ውስጥ የገባው ክፍል ሁለት ሦስት ክረምት ቢቆይ ነው። የተቃጠለ ዘይት መቀባት ትንሽ ጊዜ ይገዛል፤ አፈሩን ግን ይበክላል፣ ከታች ጎመን ከተከላችሁ ደግሞ ጭራሽ።

ግንብ ሳይሠሩ መደገፍ

ይህን ብዙ ሰው አያስበውም። ከፍታው ትንሽ ሆኖ ቦታ ካለ ቀጥ ያለውን ቁልቁለት አላላችሁ ማስተኛት ትችላላችሁ፤ በ1 ሜትር ከፍታ 2 ሜትር አግድም ያህል። ከዚያ ቬቲቨር ሳር ትተክላላችሁ። ቬቲቨር ለጅማ እንግዳ አይደለም፤ ወደ አገራችን የገባው ከ50 ዓመት በፊት ገደማ እዚሁ መልኮ በሚገኘው የጅማ ግብርና ምርምር በኩል ነው። ሥሩ ወደ ጎን አይሄድም፣ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል፤ 3 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ጎረቤት ማሳ ውስጥ አይገባም።

ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ ሲረጋ፣ ግንጣዩን ከ10 እስከ 15 ሳንቲ እያራራቃችሁ በአግድም መስመር ትከሉ። መስመሮቹ በከፍታ በ1 ሜትር ይለያዩ። የመጀመሪያው ክረምት ላይ ገና ሕፃን ነው፤ ጎርፍ እንዳይጠርገው ከላዩ ቦይ ቅደዱለት። በሁለተኛው ዓመት አፈሩን ሳሩ ራሱ ይይዘዋል። ወጪው የቁፋሮ ጉልበት ብቻ ማለት ይቻላል።

እኔ ብሆን የትኛውን?

እስከ 1.2 ሜትር፣ ቦታ ካለ፣ ቀይ አፈር ላይ፦ ካብ። ቦታ ከጠበበ፦ የድንጋይ ግንብ በስሚንቶ፣ ከነቱቦውና ከነጠጠሩ። ዋልካ ወይም የቦይ ዳር፦ ጋቢዮን። ዝቅተኛና ሰፊ ከሆነ፦ ቬቲቨር። ብሎኬት ለአበባ መደብ።

ከፍታው 2 ሜትር ሆኖ አንድ ረጅም ግንብ ከማቆም ሁለት 1 ሜትር እርከን ማድረግ ይሻላል። ላይኛው ከታችኛው ቢያንስ 2 ሜትር ወደ ኋላ ይራቅ። ከተጠጋ ክብደቱን በታችኛው ጀርባ ላይ ይጭነዋል፤ ሁለት መሆኑ ትርጉም ያጣል። መሃሉ ላይ ቡና ወይም ጎመን ይሆናል። አቮካዶ ግን አትትከሉበት፤ ሥሩ ሲወፍር ድንጋዩን ይገፋል። ይህ ዓይነቱን ሥራም ቢሆን ከመጀመራችሁ በፊት ለመሐንዲስ አሳዩት፤ ባጠቃላይ 2 ሜትር ነውና።

የትኛውንም ብትመርጡ የጣሪያችሁን አሸንዳ ተከተሉት። 80 ካሬ ጣሪያ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 2,400 ሊትር ይወርዳል። ያ ውሃ ከግንቡ ጀርባ እየፈሰሰ ከሆነ ምንም ዓይነት ግንብ አይበቃውም። በቱቦ ወይም በቦይ ዞሮ ወደ መንገዱ ፈሳሽ ማስወገጃ ይሂድ እንጂ ወደ ጎረቤት አይዙር። የሽንት ቤት ጉድጓድና ሮቶም ከግንቡ ጀርባ አጠገብ አይቀመጡ፤ ሁለት ሺህ ሊትሩ ሮቶ ሲሞላ 2 ቶን ነው።

ሥራው የበጋ ሥራ ነው፤ ከኅዳር እስከ የካቲት። ዳገቱን ስትቆርጡ ሙሉውን 11 ሜትር ባንዴ አትክፈቱ። ከ2 እስከ 3 ሜትር እየቆረጣችሁ፣ እየካባችሁ፣ እየሞላችሁ ቀጥሉ። ቀጥ ተደርጎ የተቆረጠ አፈር ሥር ልጅ አይጫወት፤ ደረቅ መስሎም ሳያስጠነቅቅ ይናዳል።

ከጨረሳችሁ በኋላ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላ ይዛችሁ ውጡ። ግንቡ ፊት ቁሙና ውሃው በየት እንደሚወጣ እዩ። ከቱቦዎቹ ወይም ከድንጋዮቹ መሃል መፍሰስ አለበት። መጀመሪያ ደፍረስ ይላል፤ ጥቂት ዝናብ ካለፈ በኋላ እየጠራ ይሄዳል። ከሰነበተም በኋላ ቀይ ሆኖ ከቀጠለ ከጀርባ አፈር እየታጠበ ነው፤ ላዩን ከፍታችሁ ጠጠሩን አስተካክሉ። ጭራሽ ካልፈሰሰ ደግሞ ዝናቡ ሲያባራ ቱቦዎቹን በዘንግ ኮርኩሩ። እኔ አሁንም በየሰኔው አደርገዋለሁ። ባለፈው ሰኔ አንዱ ቱቦ ውስጥ ቀንድ አውጣ ነበር። አወጣኋትና ውሃው ተከትሏት መጣ።